መነሻዋን የማታውቅ መንገደኛ

ቶርኪል ክፉ ሰው ነው የሚል ካለ እኔ ራሴ እከራከርለታለሁ። ጎረቤቴ ነው፤ የአጥቢያችን ሽማግሌ ነው፤ ነፋስ ጣሪያዬን የገነጠለው ጊዜ መሰላል ተሸክሞ ከማንም ቀድሞ የደረሰልኝ እሱ ነው። ችግሩ አፉ ነበር። አፉ በጣም ያምር ነበር።

በኛ ደሴት የጌታ እራት የሚቀርበው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲመጣ ግን ከሐሙስ እስከ ሰኞ ሥራ የሚባል ነገር የለም። ሐሙስ የጾም ቀን ይባላል፤ ከየአጥቢያው እንግዳ ስለሚጎርፍ በግ የሚታረደውም ያን ቀን ነው፣ ጾሙና በጉ እንዴት እንደሚታረቁ አትጠይቁኝ። ዓርብ የጥያቄ ቀን ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ ጥቅስ ይሰጣል፤ ቄሱ ደግሞ ከወንዶቹ መካከል በየስማቸው እየጠራ ያስነሣል፤ የተጠራው በእውነት በእምነት መንገድ ላይ ያለ ሰው በምን እንደሚለይ ከራሱ ሕይወት ይናገራል። እሑድ ማዕዱ ይዘረጋል።

ማዕዱ ላይ የሚቀመጠው ግን ሁሉም አይደለም። አብዛኛው ሰው ዕድሜ ልኩን ቤተ ክርስቲያን ይመላለሳል፣ ከኋላ ሆኖ ያያል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ። የሚቀርበው «መንገድ ገብቷል» የተባለለት ብቻ ነው። መንገድ ገባሁ ለማለት ደግሞ መቼ እንደገባህ፣ የት እንደገባህ፣ እንዴት ተንቀጥቅጠህ እንደገባህ መናገር መቻል አለብህ፤ ቢያንስ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናምነው።

ቶርኪል የራሱን ሲናገር ደጋግመን ሰምተናል። ጎረምሳ ሳለ የጀልባው ሞተር ቆሞበት፣ ማዕበሉ ወደ ዐለቱ እየገፋው፣ ጀልባው ውስጥ ተንበርክኮ ነፍሱን ለጌታ ሰጠ። ሽማግሌ በተደረገ ሰሞን በጥያቄ ቀን ተጠርቶ ቆመና እንዲህ አለ፦ «መንገደኛ የተነሣበትን ቦታ ያውቃል። የተነሣበትን የማያውቅ ሰው ገና ከቤቱ አልወጣም።» ያቺ አነጋገር ደሴቱን ዞረች። ሰው ቀብር ላይ ያነሣታል፣ ሰርግ ላይ ያነሣታል፤ ከሩቅ አጥቢያ የመጣ እንግዳ ቶርኪልን በጣቱ እየጠቆመ «ያንን የተናገረው እሱ ነው» ይላል።

ሚስቱ ሙርዲና ያን ቀን ከኋላ፣ ከኔ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በኋላም እዚያው ተቀመጠች። ባሏ ማዕዱ ላይ፣ እሷ ከኋላ፤ ዓመት ሄደ ዓመት መጣ፤ ጸጉሯም እዚያው ወንበር ላይ ሸበተ። ለምን አትቀርቢም ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፤ የሰው ኪስ ውስጥ እጅ እንደማስገባት ነው የሚቆጠረው። ቶርኪል ራሱ በየቤቱ እየዞረ የስንቱን ሰው ነፍስ ሲጠይቅ፣ የገዛ ሚስቱን ጠይቋት አያውቅም።

ይህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ፣ በአንድ የበልግ ማዕድ ኤፊ መጣች።

ኤፊ ከደሴቱ ሰሜን ጫፍ የመጣች መበለት ናት። ሰባውን ካለፈች ቆይታለች፤ ምላሷ አጥር የለውም። ሐሙስ ከጉባኤ በኋላ ቶርኪል ቤት እንግዳ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሙርዲናን እያገዝኩ ሾርባውን እቀዳለሁ፣ ቶርኪል በጠረጴዛው ራስ ቆሞ የበጉን ሥጋ ይቆርጣል። ሙርዲና ድንች ይዛ ስትገባ ኤፊ ክንዷን ያዘቻት።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ አሁንም ከኋላ ነው እንዴ የምትቀመጪው?»

«ከኋላ ነኝ» አለች ሙርዲና።

«ምን ትጠብቂያለሽ? አውቶቡስ?»

ሰው ሳቀ። ቶርኪልም ፈገግ አለ።

«ሾርባሽ ይቀዘቅዛል፣ ኤፊ» አለች ሙርዲና።

«ሾርባውን ተይው! እኔ የምሞት ሴት ነኝ፣ ዛሬ ካልጠየቅኩ መቼ ልጠይቅ? ጌታን አትወጂውም?»

«እወደዋለሁ» አለች ሙርዲና፤ ጨው ትጨምሪያለሽ ወይ የተባለች ያህል ቀለል አድርጋ።

«ታዲያስ?»

«መነሻ የለኝማ።»

«የምን መነሻ?»

ሙርዲና የድንቹን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ለመናገር ያሰበች አይመስለኝም፤ ግን ክንዷ አልተለቀቀም። «ቶርኪል እንዳለው ነዋ። የተነሣሁበትን ቀን አላውቀውም። አባቴ ጠዋትና ማታ ቃሉን ሲያነብ እግሩ ሥር ነው ያደግኩት። ጌታን ያላወቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ቀኑን ፈልጌዋለሁ፣ ኤፊ፤ ስንት ጊዜ ፈለግኩት። የለም። እንግዲህ ገና ከቤት አልወጣሁም ማለት ነው» አለችና፣ ወደኔ ዞራ «ዳቦውን አምጪው» አለችኝ።

በቃሏ ውስጥ ቂም አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ለቶርኪል ይሻለው ነበር፤ ቂምን መልስ ይሰጡታል። ቢላዋው ሥጋው ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው ጫፍ ቀላ። ሰው ሲያፍር አይቻለሁ፤ ሚስቱን እንደ እንግዳ ሰው ትኩር ብሎ እያየ ሲያፍር ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። እሷ በተቀመጠችበት ወንበር ላይ የቸነከራት የሱ አፍ ነበር፤ አፉ ያማረበት ያ ቀን ነበር።

«ይኸውልህ፣ ሽማግሌ ቶርኪል» አለች ኤፊ። «ንግግርህ ስንቱን እንዳስነሣ ሲወራ እሰማ ነበር። ያስቀመጣትን ደግሞ ዛሬ አየሁ።»

ማንም አልሳቀም።

ሰው ሲያፍር ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ይደበቃል፣ ወይ ኀፍረቱን ቶሎ ለማራገፍ ይሮጣል። ቶርኪል መደበቅ አያውቅበትም። ያን ምሽት ለሙርዲና ምንም አላላትም። እሷ ሳህን ስታጥብ እሱ ከእንግዶቹ ጋር ስለ ነፋሱና ስለ በጎች ዋጋ አወራ።

ዓርብ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር። የተሰጠው ጥቅስ ስለ ጠባቡ መንገድ ነበር፤ ቄሱ፣ ከስካይ ደሴት የመጣ ገና ወጣት ሰው፣ አንድ በአንድ እየጠራ አስነሣ። ቶርኪልን እንደ ልማዱ ለመጨረሻ አቆየው። ስሙ ሲጠራ አሮጊቶቹ የሚመጥጡትን ከረሜላ ወደ ጉንጫቸው ገፋ አድርገው ጆሯቸውን አቆሙ። ሙርዲና ከጎኔ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«እኔ ከዚህ ቦታ ቆሜ የተናገርኩት አንድ ቃል አለ» ብሎ ጀመረ። «ታውቁታላችሁ። ወዳችሁ ተቀበላችሁት፤ እኔም ኮራሁበት። ዛሬ ያ ቃል በር ሆኖ እንደተዘጋ ልነግራችሁ ቆሜያለሁ። መንገዱን ለሰው አሳያለሁ ብዬ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ያንከባለልኩ እኔ ነኝ። በዚህ ቤት ውስጥ፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ፣ በኔ ቃል ምክንያት ይህን ሁሉ ዓመት ከኋላ የተቀመጠች ነፍስ አለች። በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

ንስሐውም አማረለት፤ ክፋቱ እሱ ነበር። ከፊት ያሉት ኮፍያዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ዞሩ። ወንዶቹም ዞሩ። ልጆች ዞሩ። ሰገነቱ ላይ ያሉት ዘንበል ብለው ወደ ታች አዩ። ሙርዲናን ሰው እንደዚያ አይቷት አያውቅም፤ ሰርጓ ቀን እንኳ። እሷ የእጅ ጓንቷን አውጥታ አጠለቀች፣ መልሳ አወለቀች፣ እንደገና አጠለቀች። ከጉባኤ መሀል ተነሥቶ መውጣት ነውር ስለሆነ ተቀምጣ ቀረች። እኔ የማደርገው ቢጠፋኝ ከረሜላ ሰጠኋት፤ እሷም ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እነሱ ቤት ስንመለስ ሙርዲና ወጥ ቤት ውስጥ ስኒ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። ቶርኪል ገብቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ኮፍያውን አላወለቀም።

«ሙርዲና።»

«አቤት።»

«ሰማሽኝ?»

«ያልሰማ አለ እንዴ?»

«ይቅርታ ጠየቅኩ እኮ።»

«እነሱን ጠየቅክ» አለች፤ አልዞረችም። «እኔ ትናንት ማታ እዚህ ነበርኩ። ከዚህ እስከ ሳሎኑ አንድ በር ነው ያለው፣ እሱም ክፍት ነበር።»

«ሁሉም በሰሙት ቃል ነው የበደልኩሽ፤ ሁሉም ሲሰሙ ልክሰው ብዬ ነው።»

«አንተ ቀለለህ?»

ኮፍያውን አሁን አወለቀ።

«እዚያ ወንበር ላይ ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ሳያየኝ ተቀምጬ ነበር፣ ቶርኪል። ከጌታ ጋር ደህና ነበርን። ዛሬ ገበያ እንደወጣች ላም ዞሮ ያላየኝ የለም። እሑድ ብቀርብ ባሏ ለመነላት ይላሉ፤ ብቀር ባሏን አኮረፈች ይላሉ። የትኛውን ልምረጥ?» ስኒውን አጥባ ሰጠችኝ። «ለነገሩ አምሮልህ ነበር» አለች።

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት የገደለችው። በጓሮ በኩል ወጥቶ ሱፍ ወደሚሸምንበት ቤት ገባ። በማዕድ ሰሞን ሽመና የለም፤ ቢሆንም እዚያው ከማይንቀሳቀሰው መሸመኛ ፊት ተቀምጦ ቀረ። በመስኮት አየሁት፤ ጠርቼ ሻይ ልስጠው አልኩና አፈርኩ። ለምን እኔ እንዳፈርኩ እንጃ። ከዞሩት አንገቶች መካከል የኔም ስላለበት ይሆናል፤ ከጎኗ ተቀምጬ ሳለሁ እኔም ዞሬ አይቻታለሁ።

ቅዳሜ ከጉባኤ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከመድረኩ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ይሰበሰባሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕድ መቅረብ የሚፈልግ ሰው እዚያ ገብቶ ስለ እምነቱ ይጠየቃል፤ ካመኑበት ሳንቲም የምታህል ብረት ይሰጡታል፤ ያቺን ብረት ሳይዝ እሑድ የሚቀርብ የለም። ሙርዲና ካፖርቷን ለብሳ ወደ ቤት ልትሄድ ስትል ኤፊ መንገዷን ዘጋችባት።

«ወዴት ነው?»

«ድንች ልልጥ። ለእሑድ ዛሬ ነው የሚላጠው።»

«ድንቹን ይቺ ትልጣለች» አለች ወደኔ እየጠቆመች፤ ሰው ጠይቃ አታውቅም። «አንቺ ግቢ።»

«ኤፊ ተይኝ። ከትናንቱ በኋላ አልችልም።»

«ስሚኝ፣ የኔ እኅት። ድሮ በተናገረው ቀረሽ። አሁን ደግሞ ትናንት በተናገረው ብትቀሪ ሁለቴ አስቀረሽ ማለት ነው። አንድ ወንድ ሁለቴ? እኔ ሦስት ባል ቀብሬአለሁ፣ ሦስቱም ተደምረው አንድ ጊዜ አላስቀሩኝም።»

ሙርዲና ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ ኮፍያዋን አስተካከለች፣ በሩን አንኳኳች፣ ገባች።

የሽማግሌዎች ጉባኤ ምስጢር ነው። ወንድሜ ኢቨር እዚያ ጉባኤ ውስጥ ነው፤ በሕይወቱ አንድም ቃል አውጥቶልኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን ካፖርቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሞ ሁሉንም ነገረኝ።

ቄሱ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። «ወይዘሮ ሙርዲና፣ ደስ ብሎናል» አላት። «እስቲ ከጌታ ጋር የጀመሩበትን ቀን ይንገሩን።»

«ቀን የለኝም፣ አባት» አለች። «ዐይኔን ስገልጥ መንገዱ ላይ ነበርኩ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ የሰማሁት ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ መልስ እዚያ ክፍል ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ቄሱም ወጣት ነውና ትንሽ ግራ ተጋባ። በዚህ ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ የሰውየው ሰፈር ሽማግሌ ስለ አካሄዱ ይመሰክራል። የኛ ሰፈር ሽማግሌ ቶርኪል ነው።

«ቶርኪል» አለ ቄሱ፣ «ከእርስዎ በላይ የሚያውቃት የለም። ስለ መንገዷ ምን ይመሰክሩልናል?»

ቶርኪል ተነሣ። ኢቨር እንዳለኝ፣ አፉን ከፈተ። «ጥሩ ሴት ናት» አለ።

«እሱን ሁላችንም እናውቃለን። ከጌታ ጋር ስላላት አካሄድስ?»

«ታታሪ ናት። እንግዳ ትቀበላለች። እ...» ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። የጎረቤቶቹን ሁሉ ነፍስ ታሪክ በቃሉ ያውቃል፤ ማን የት እንደወደቀ፣ ማን በየትኛው ክረምት እንደተነሣ ሳይሳሳት ይነግርሃል። አብራው ስለምትተኛው ሴት ጸሎት ግን የሚለው አንድ ነገር አጣ። ሙርዲና መሬት መሬቱን ታያለች፤ ለሱ አፍራ ነው እንጂ ለራሷ አልነበረም።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም።» ተቀመጠ። ያ ሰው ቃል አጥቶ ሲቀመጥ የዚያን ቀን የመጀመሪያው ነው አለ ኢቨር።

ከዚያ ኢቨር፣ የኔ ኢቨር፣ በጥያቄ ቀን ስሙ እንዳይጠራ አሞኛል ብሎ የሚቀር ሰው፣ ተነሣ።

«እኔ ትንሽ አውቃለሁ» አለ።

የወንድሜን ልጅ ባሕር እንደበላው መናገር አለብኝ። ከዚያ በኋላ ኢቨር መጸለይ ተወ፤ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወ፤ ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። ቶርኪል ይመጣ ነበር። ቁጭ ብሎ ረጅም ሰዓት ይመክረዋል፣ ከቃሉ ይጠቅስለታል። ክረምቱ ሲወጣ ኢቨር ተነሥቶ ጺሙን ተላጨና ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቶርኪልም «የጠፋው ወንድም እንዴት እንደተመለሰ» እያለ ያንን ታሪክ በጥያቄ ቀን በየአጥቢያው ተናገረው፤ ስም አይጠራም፣ ግን ማን ያላወቀ አለ። ሰምተን ዝም አልን። ሰው በራሱ ታሪክ ደስ ብሎት ሲያወራ ማስቆም እንዴት ይቻላል?

«ቶርኪል መጥቶልኛል» አለ ኢቨር ለሽማግሌዎቹ። «እግዜር ይስጠው፣ ብዙ ተናግሯል። እኔ ግን አንድም ቃል አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ባሕሩ ውስጥ ነበር። ሙርዲና በየጠዋቱ ወተት ይዛ ትመጣ ነበር። በሩ ጋ ትቀመጣለች፣ ምንም አትልም። እኔ ፈጣሪን ስሰድብ ተነሥታ አትሄድም፣ ተው አትለኝም። አንድ ቀን በንዴት ‘ይሰማል ብለሽ ታምኛለሽ?’ አልኳት። ምን አለችኝ መሰላችሁ? ‘አንተ አሁን መጸለይ አትችልም፤ እስክትመለስ ያንተን እኔ እየጸለይኩልህ ነው፤ አትቸኩል’ አለችኝ። ክረምቱን ሙሉ የኔን ጸሎት ተሸክማ ኖረች። ስመለስ ቦታዬ ሳይነካ ነው የጠበቀኝ። እኔ የማውቀው መንገደኛ እሷን ነው። የት እንደተነሣች ግን አልጠየቅኳትም።»

ተቀመጠ። ቄሱ ብረቷን ከሳጥኑ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት፣ በሁለት እጁ።

ቶርኪል አንገቱን አላቀናም። በየአጥቢያው ቆሞ የሠራሁት ነው ያለው ሥራ የማን እንደነበር፣ ለማን እንደተናገረውና ማን በዝምታ እንደሰማው ያሰበ ይመስለኛል። ሙርዲና እኮ ሲናገረው ከኋላ ሆና ሰምታዋለች፤ አንዴ አይደለም። ከዚያ በላይ የሚያሳፍር ነገር አላውቅም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ኤፊ አብራቸው ነበረች፤ ኤፊ የሰማችውን ደግሞ ደሴቱ ይሰማዋል። ዝናቡ በአግድም ይወርዳል። ቶርኪል የቤታቸው አጥር ጋ ደርሶ ቆመ።

«የኢቨርን ነገር ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ስትናገረው ደስ ይልህ ነበራ» አለች።

«ሙርዲና፣ አንቺ ነሽ የመለስሽው!»

«እኔ ወተት ነው የወሰድኩት። የመለሰው ሌላ ነው» አለችና በሩን ከፍታ ገባች።

እሑድ ጠዋት ልጠራቸው ስሄድ ቶርኪል ጥቁር ልብሱን ለብሶ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፤ ጫማውን ግን አላጠለቀም።

«እኔ ዛሬ አልቀርብም» አለ። «በምን ፊቴ? ከኋላ ልቀመጥ። የሚገባኝ ቦታ እሱ ነው።»

ሙርዲና የኮፍያዋን መርፌ እየሰካች ነበር። «አዎ» አለች፣ «ሽማግሌው ከኋላ ሲቀመጥ ቤቱ ሁሉ እንዲዞር ነዋ። ዓርብ አልበቃህም?»

«እንደሱ ማለቴ...»

«አፍረሃል፤ እፈር። ማፈር ጥሩ ነው። ግን ቦታህ ላይ ሆነህ እፈር። ጫማህን አድርግ።»

ጫማውን አደረገ። እኔ በር በሩን አየሁ፤ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ሲታዘዝ ማየት ደግ አይደለም።

ከፊት ያሉት ረዣዥም ወንበሮች ነጭ ጨርቅ ለብሰው ነበር። መዝሙር መሪው ስንኙን ይሰጣል፣ ሕዝቡ ተከትሎ ያነሣዋል፤ ድምፁ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ሲል ሰዎች ከየቦታቸው ተነሥተው ይቀርባሉ። ቶርኪል በመተላለፊያው ጫፍ ቆሞ ብረት ይቀበላል። ሙርዲና ከጎኔ ተነሣች። ይህን ሁሉ ዓመት አብራኝ የተቀመጠች ሴት ስትሄድ ቦታዋ ሞቆ ቀረ፤ እጄን አሳረፍኩበት። ማንም ዞሮ እንዳያያት እየለመንኩ ነበር። አልዞሩም፤ ዓርብ የዞሩት ሁሉ ያን ቀን አፍረው ይሁን፣ መጽሐፋቸውን አዩ። ባሏ ጋ ስትደርስ ብረቷን እጁ ላይ አኖረችለት። የማንንም ፊት አላየም፤ የሚያየው እጅ እጅ ብቻ ነው፤ የሷን እጅ ግን ማወቁ አልቀረም።

ብረት ተቀባዩ ሽማግሌ የሚቀመጠው ከሁሉ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ቦታውን ከያዘ በኋላ የቀረችው አንዲት ቦታ ከሙርዲና አጠገብ ነበረች። ቶርኪል ቆሞ አያት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ትከሻው እንዳይነካት ጠበብ አለ።

ቄሱ ጸለየ። ዳቦው ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረ፤ እኛ ጋ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚያልፈው፣ እያንዳንዱ ቆርሶ ለጎረቤቱ ይሰጣል። ኤፊ ቆረሰችና ለሙርዲና ሰጠቻት። ሙርዲና ያዘችው፤ ቆርሳ በላች። በሕይወቷ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወደ ቶርኪል ዞራ ዘረጋችለት።

ቶርኪል አልተቀበለም። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ አገጩ ደረቱን ነክቷል። ለስንት ሰው በገዛ እጁ ያቀበለ ሰው፣ ከሷ እጅ መቀበል አቃተው። ዳቦው በመሀላቸው ቆመ። መዝሙር የለም፤ ከሱ ወዲያ ያለው ሰው ኢቨር ነበር፣ እጁን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ሙርዲና ወደሱ ጠጋ አለች። ኤፊ አጠገቧ ናትና ሰምታለች።

«ያዝ እንጂ፣ ሰውዬ» አለችው በሹክሹክታ፣ «ኢቨር እየጠበቀ ነው።»

አንገቱን ሳያቀና እጁን ዘረጋ፤ ከእጇም ተቀበለ።